መርዶ በቀትር

ገና ሳይነጋጋ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አያ ምትኩ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ቆመዋል። ከኋላቸው አከራዬና ሁለት የሰፈር ሴቶች አሉ። ተራ በተራ "ደህና አደርሽ" አሉኝ፤ ዓይኔን ያየኝ ግን አልነበረም። ገብተው አልጋዬ ጫፍና በርጩማዬ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ዝም።

ያንን ዝምታ በእኛ አገር የማያውቀው የለም።

"እናቴ ናት?" አልኩ።

"ኧረ እናትሽ ደህና ናቸው! ቅዳሜ ቡሬ ገበያ ያያቸው ሰው አለ" አሉ አያ ምትኩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንዲያው አንጓች፣ መቼም ሰው ሆኖ... ይቺ ዓለም..." ብለው ጀመሩና ተዉት።

"ሁላችንም መንገደኛ ነን" አለች አከራዬ። አንዷ ሴት ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች።

"አያ ምትኩ፣ በፈጠረዎ ይሁንብዎ፣ ማን እንደሆነ ይንገሩኝ።"

"ኤልሳቤጥ" አሉ። "ፈረንጂቱ። እዚያው አገሯ፣ ታማ ከርማ።"

ለፈረንጅ መርዶ በንጋት! መጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው "ይህን ብታይ ምን ትል ነበር?" የሚል ነው። ልቅሶው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ትክክለኛ ስሟ ሊዝቤት ነበር፤ ኤልሳቤጥ ያሏት እትዬ የሺ ናቸው። አገሯ ሆላንድ ነው። ያወቅኋት እዚሁ ፍኖተ ሰላም ዳር፣ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ክረምት ክረምት ይከፈት በነበረ የልጆች ካምፕ ነው። ከደምበጫ፣ ከቡሬና ከገጠሩ የመጡ ልጆች እዚያው እያደሩ እንግሊዝኛ ይማራሉ፣ ኳስ ይጫወታሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ። ከውጭ አገር ደግሞ ለክረምቱ ብቻ እየመጡ የሚሠሩ ፈረንጆች ነበሩ። እኔ ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርቴን ካቋረጥኩ ቆይቼ ነበር። ወጥ ቤት ረዳት ሆኜ ገባሁ። ዋናዋ ወጥ ሠሪ እትዬ የሺ ናቸው፣ የግቢው ጥበቃ ደግሞ አያ ምትኩ። በጣም ዓይን አፋር ነበርኩ፤ ሰው ሲያናግረኝ የምመልሰው ለእግሬ ጣቶች ነበር።

ኤልሳቤጥ ወጥ ቤታችን የገባችው እያፏጨች ነው። ሴት ልጅ! ቁመቷ እንደ ባሕር ዛፍ፣ እግሯ ላይ የጎማ ቦቲ፣ ጀርባዋ ላይ ራሷ የቀዳችው የውኃ ጀሪካን። እትዬ የሺ ማማሰያውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

"በስመ አብ! እባብ ልትጠራብን ነው?"

"እኔ ልረዳ መጣሁ" አለች በአማርኛ። አገሯ ሳለች ከአንዲት ሐበሻ ጎረቤቷ ተምራለች። ቃሉን አሳምራ ነው የተማረችው፤ ወጉን ግን ማንም አላስተማራትም።

በማግሥቱ እትዬ የሺ "እንዴት አደርሽ፣ ደህና ነሽ?" አሏት።

"ደህና አይደለሁም። ሆዴን ያመኛል። አልተኛሁም። የትናንቱ ወጥ በጣም ያቃጥል ነበር።"

ወጡን የሠሩት እትዬ የሺ ናቸው። ወደኔ ዞረው፣ "ሰሚ ልጄ! እኛ አገር ሰው እያጣጣረ እንኳ እግዚአብሔር ይመስገን ነው የሚለው። ይቺ ለአንድ ሆድ ቁርጠት አገር ልትጠራ ነው!" አሉ።

ለሁሉም ነገር ደግሞ ታመሰግናለች። ቢላዋ ሳቀብላት "አመሰግናለሁ"፣ ጨው ስሰጣት "አመሰግናለሁ"። እትዬ የሺ ይህን ይቆጣሉ። "ምን ውለታ ዋልሽላት? እኛ እኮ እዚህ ባዕድ አይደለንም!" ይሉኛል።

አንድ ቀን ድንች ቀቅላ፣ በቅቤ አሽታ፣ ከጎኔ ተቀመጠች።

"ትበያለሽ?"

ርቦኛል። "በቃኝ" አልኩ። እንዲያ ነው የሚባለው። ሁለተኛ ትጠይቀኛለች፣ ሁለተኛ እምቢ እላለሁ፣ በሦስተኛው "በሞቴ" ትለኛለች፣ ያን ጊዜ እያፈርኩ እበላለሁ። እሷ "እሺ" ብላ ሰሃኑን ወደ ራሷ ሳበችና እያየኋት በላችው። አንዲት ፍንካች አልቀረችም። ምራቄን እየዋጥኩ ተቀመጥኩ። እትዬ የሺ ነገሩን ሲሰሙ ሆዳቸውን ይዘው እስኪያስነጥሳቸው ሳቁና፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ልጅቱን በረኀብ ልትፈጂያት ነው?" አሏት።

ኤልሳቤጥ ግን አልሳቀችም። ደንግጣ ወደኔ ዞረች። "አልፈልግም አልሽ። እኔ የነገርሽኝን አምናለሁ። ለምን አላምንሽም?"

ይህን አዘውትራ የምትለው ነው፤ "የነገርሽኝን አምናለሁ።" እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የመጀመሪያ ቃሌን የተቀበለኝ ሰው አልነበረም። እናቴም ብትሆን "ደህና ነኝ" ስላት ግንባሬን ዳስሳ ነው የምታምነኝ። ለዚህች ሴት የተናገርኩት ሁሉ የምሬን ይመስላታል። ነገሩ አስደነገጠኝ። ከዚያ በኋላ ከእሷ ጋር ሳወራ ቃሌን መምረጥ ጀመርኩ፤ ሲርበኝም "ርቦኛል" ማለትን ለመድኩ።

የፍልሰታ ጾም ሲገባ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ልጆቹ ቅዳሴ እስኪወጣ ምንም አይቀምሱም። ኤልሳቤጥ ዳቦ በሰፌድ ይዛ በየመኝታቸው ስትዞር እየሳቁ ብርድ ልብስ ውስጥ ይደበቁባታል። የታመሙ መሰላት። የደብሩ ቄስ መምሬ ጥበቡ ሊባርኩን ወደ ግቢው ሲመጡ፣ እኛ መስቀል ለመሳለም ዝቅ ስንል እሷ ቀጥ ብላ እጇን ዘረጋችላቸው።

"አንተ፣ ለምን ልጆቹ አይበሉም?"

አንተ! መምሬን! በእኛ አገር የግቢ ጥበቃችንን እንኳ አንቱ የምንል ሰዎች ነን። እትዬ የሺ "ዋይ!" ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ። አያ ምትኩ ዱላቸውን ጥለው ሮጡና ይቅርታ ይጠይቁላት ጀመር።

መምሬ ግን የዘረጋችውን እጅ ጨበጡ። "ተዉአት" አሉ ፈገግ ብለው። "እግዚአብሔርንስ አንተ አይደል የምንለው?"

እስከዚያ ድረስ ነገሯ ሁሉ ሳቅ ነበር።

ጾሙ ከተፈታ በኋላ አንድ ቀን ቀትር ላይ ድስት እያጠብኩ ነው። ሠራተኛውን ሁሉ ወደ ቢሮ ጠሩት፤ እኔን ግን አልጠሩኝም። ረዳት ስለሆንኩ ነው ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። እትዬ የሺ ሲመለሱ ድስቱን ከእጄ ነጠቁኝ።

"አረፍ በይ። ይቺን ቅመሽ" ብለው እንጀራ በአይብ አቀረቡልኝ። ዓይናቸው ቀልቷል።

"ምነው እትዬ?"

"ሽንኩርቱ ነው።"

ሽንኩርቱን የከተፍኩት እኔ ነበርኩ።

ውኃ ልቀዳ ወደ በሩ ሄድኩ። አያ ምትኩ ባለፍኩ ቁጥር "አንቺ ዝምተኛ፣ ባልሽ በምልክት ሊያዋራሽ ነው?" ብለው ሳይቀልዱብኝ አያሳልፉኝም። ያን ቀን ሲያዩኝ ከድንጋያቸው ተነሥተው ቆሙልኝ። አዛውንት ለኔ ተነሡ! አንድ ነገር እንዳለ ያን ጊዜ ገባኝ። ግን አይጠየቅም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይነግሩኛል። ወደ ድስቴ ተመለስኩ።

ኤልሳቤጥ ከቢሮው ወጥታ በቀጥታ ወደኔ መጣች። ፊቴ ቁጢጥ አለችና የራሰ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። ልጆቹ አጠገባችን እጃቸውን እየታጠቡ ይንጫጫሉ።

"አንጓች፣ እዪኝ። አባትሽ ሞተ። ዛሬ ጠዋት። ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። መኪና አለ።"

እንዲሁ። ደመና ሳይታይ፣ ነጎድጓድ ሳይሰማ። አባቴ ከፋሲካ ጀምሮ ያስለው ነበር፤ እየተሻለው ነው ብለውኝ ነው የመጣሁት። ቃሏን ሰማሁት፤ ግን የት እንደማስቀምጠው አላወቅሁም። መጀመሪያ ያየሁት ልጆቹን ነው። ጫጫታቸው ቆሟል፤ አንዲት ትንሽ ልጅ ሳሙናውን እንደያዘች አፏን ከፍታ ታየኛለች። ከዚያ መሬቱ ወደኔ መጣ።

"ምን አረግሽ አንቺ ሴትዮ!" የእትዬ የሺ ጩኸት ነው። "ልጅቱን ገደልሻት!"

"እኔ አልገደልኳትም። አባቷ ነው የሞተው።"

"መርዶ እንዲህ አይነገርም! ዘመድ ተሰብስቦ፣ ንጋት ላይ፣ ግራና ቀኝ ተይዛ ነው የሚነገራት! ቤተሰቦቿ ደውለው አደራ ብለውናል። ከቀብር በኋላ መጥተው ይወስዷታል!"

"ከቀብር በኋላ?"

"ከቀብር በኋላ!"

"ታዲያ አባቷን መቼ ትሰናበተዋለች?"

እትዬ የሺ ሽርጣቸውን ጨብጠው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ከዚያ ወደ ቁጣቸው ተመለሱ። "እህት ወንድም አጠገቧ ሳይኖር ብቻዋን ትስማው?"

"እኔ አለሁ።"

"አንቺ ማነሽ? ማነሽ አንቺ!"

ኤልሳቤጥ የካምፑን መኪና ቁልፍ ይዛ መጣችና ሞተሩን አስነሣች። እትዬ የሺ እየረገሟት ሽርጣቸውን ሳይፈቱ ከኋላ ተሳፈሩ። "ከዚች ጋር ብቻዋን አልሰዳትም!" አሉና ወገቤን አቅፈው ያዙኝ።

ከቡሬ አልፈን ወደ ገጠሩ እንደታጠፍን መኪናው ጭቃ ውስጥ ገባና ቀረ። በእግር ሄድን። እትዬ የሺ ክንዴን ይዘው አባቴን እየጠሩ፣ በዓይናቸው አይተውት የማያውቁትን ሰው እንደ ወንድማቸው ያለቅሱልኛል። ኤልሳቤጥ አንዲት እንባ ሳታፈስ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። የሞላውን ጅረት በዱላ እየለካች "እዚህ ጋ። እዚህ ጋ ጠንካራ ነው" ትላለች። አንዷ እያለቀሰችልኝ፣ አንዷ መንገድ እየፈለገችልኝ ደረስኩ።

ፍትሐቱ አልቆ ሬሳው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ወደ ጉድጓዱ ሊነሣ ነበር። አጎቴ አየኝና ጮኸ። "ማን ነው የነገራት? ማን ነው እንዲህ ያረጋት?" ሕዝቡ ወደኔ ዞረ። እናቴ ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ ወደኔ መጣች። አልጮኸችም። ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችና፣

"ደረስሽ?" አለችኝ።

"ደረስኩ።"

ተሸካሚዎቹ ቆሙልኝ። አባቴ የተጠቀለለበት ሰሌን ላይ እጄን አሳረፍኩ። ሻካራነቱ ዛሬም መዳፌ ላይ አለ።

ኤልሳቤጥ ከቀብሩ በኋላ ወደ አጎቴ ሄዳ እጇን ዘረጋች። "አዝናለሁ" አለችው። አጎቴ እጁን ጋቢው ውስጥ እንደሸሸገ አልፏት ሄደ። ሴቶቹም "እንባ አልፈጠረባትም" ሲሉ ሰማኋቸው። እሷም ሰምታለች፤ አማርኛ ታውቃለች።

ልቅሶ ተቀምጬ ወደ ካምፑ ስመለስ የክረምቱ ሥራ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እትዬ የሺ ከእሷ ጋር መነጋገር ትተዋል። አንድ ቀን ሳህን ስናጥብ እጇን ውኃ ውስጥ እንዳለ አቆመችና፣

"አንጓች፣ ተሳሳትኩ?" አለችኝ።

የእግሬን ጣቶች አየሁ። በእሷ የተነሣ አባቴን ተሰናብቻለሁ። በእሷ የተነሣ ደግሞ ዛሬም ድስት ሳጥብ ሰው ፊቴ ቁጢጥ ካለ ልቤ ይቆማል። ዝም አልኩ። እሷም እንደልማዷ ዝምታዬን አመነችውና ሁለተኛ አልጠየቀችኝም።

በሚቀጥለው ክረምት ተመልሳ መጣች። እትዬ የሺ ሰላምታ ብቻ ይሰጧታል፤ ያውም ከሩቅ። አንድ ጠዋት ስልኳን ይዛ ከውጭ ገባች፣ ተቀመጠች፣ ጎመኑን ሳበችና መክተፍ ጀመረች።

"ወንድሜ ሞተ" አለች። "ጨው አልቋል" እንደማለት።

እሷ ትከትፋለች።

"ምን አልሽ?" አሉ እትዬ የሺ።

"ወንድሜ ሞተ። ቀብሩ በሚመጣው ሳምንት ነው። አውሮፕላን ያገኘሁት ለቅዳሜ ነው። እስከዚያ ሥራ አለ።"

እንዲያ ያለ ድንጋጤ በእትዬ የሺ ፊት ላይ አይቼ አላውቅም፤ በአባቴ ቀን እንኳ። ቀስ ብለው ሄዱና ቢላዋውን ከእጇ ወሰዱ።

"ተነሺ።"

"ጎመኑ..."

"ጎመኑ ገደል ይግባ። ተነሺ አልኩሽ!"

ክንዷን ይዘው ወደ መደቡ ወሰዷት። "አንጓች፣ ሴቶቹን ጥሪ! አያ ምትኩንም!" አሉኝ። የልብስ አጣቢዎቹ መጡ፣ ከጎረቤት ቤቶችም ሴቶች መጡ። ኤልሳቤጥ መሀላችን ተቀምጣ አንዳችንን ስታይ ሌላችንን ስታይ ግራ ገብቷታል።

"ስሙ ማን ነው?" አሏት እትዬ የሺ።

"ፒተር።"

"ጴጥሮስ ነዋ! ምን ይወድ ነበር?"

"ዓሣ ማጥመድ" አለች። "ልጅ ሆነን ይወስደኝ ነበር።"

እትዬ የሺ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ደረታቸውን አንድ ጊዜ መቱና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤

"ዓሣ አጥማጁ ጴጥሮስ መረቡን ጥሎ ሄደ፣
የእህቱ ልብ በሰው አገር እንደ ጭድ ነደደ።"

ሴቶቹ ተቀበሉ። አያ ምትኩ በር ላይ ቆመው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ኤልሳቤጥ ወደኔ ጎንበስ አለች።

"ለምን ያለቅሳሉ? እነሱ እኮ አያውቁትም።"

ቀና ብዬ ዓይኗን አየሁ።

"አንቺን እናውቅሻለን" አልኳት።

የነገርኳትን ሁሉ ታምን የለ? አመነችኝ። ከዚያ ሁሉ ቁመት ውስጥ ይወጣል ብዬ ያልገመትኩት ድምፅ ወጣ። እንደ እኛ፣ ያለ ሐፍረት። እትዬ የሺ ጭን ላይ ተደፋች። እሳቸውም ያንን ገለባ የመሰለ ፀጉር እየዳበሱ "እንዲህ ነው። እንዲህ ነው ልጄ። እንዲህ ያለው ነገር ለብቻ አይሰማም" ይሏት ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ክረምት መጣች፤ እትዬ የሺም "ልጄ" እንጂ ሌላ ስም አልጠሯትም። ካምፑ ሲዘጋም በየፋሲካው መደወሏን አልተወችም። ስትደውል እትዬ የሺ "ደህና ነሽ?" ይሏታል፤ እሷም ያመማትን ሁሉ ከራስ እስከ እግር ትዘረዝርላቸዋለች፤ እሳቸውም እየሳቁ "እግዚአብሔር ይመስገን በይ!" ይሏታል።

በዚያ የመርዶ ንጋት ቤቴ ተቀምጠን አልቅሰን ስናበቃ፣ አያ ምትኩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ለየሺ ግን እንዳትነግሪ። አርጅተዋል፣ ልባቸውም ደክሟል። ቆይተን፣ አመቻችተን፣ በዘዴ እንነግራቸዋለን።"

"ቀብሯ መቼ ነው?" አልኩ።

"ሐሙስ አሉ። እነሱ ሬሳ ያቆያሉ።"

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። አሁን በምሠራበት ምግብ ቤት ያለችውን ባልደረባዬን እንድትተካኝ ለምኜ ወደ ቡሬ ተሳፈርኩ። እትዬ የሺ ከሴት ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። መጀመሪያ ጎረቤት ገብቼ ሁለት ሴቶችን ጠራሁ። ለማን እንደሆነ ነገርኳቸው፤ ከአጠገቤ እንዳይርቁም ለመንኳቸው። ስንደርስ ቀትር ሆኗል። እትዬ የሺ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ። ከሰዎቹ ጋር ሲያዩኝ እጃቸው ቆመ።

ሴቶቹ ግራና ቀኛቸው ተቀመጡ። እኔ ፊታቸው ቁጢጥ አልኩና እጃቸውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ዓይኔ እንደልማዱ ወደ እግሬ ጣቶች ሊወርድ ነበር። አነሣሁት።

"እትዬ የሺ፣ ይዩኝ። ኤልሳቤጥ ሞተች። ሐሙስ ትቀበራለች።"

"ውይ! ልጅቱ አበደች!" አለች አንዷ ሴት፣ ትከሻቸውን ደግፋ እየያዘች።

የእትዬ የሺ ፊት አመድ ለበሰ፤ ምን አደረግሁ ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣

"ሐሙስ?" አሉ።

"ሐሙስ።"

"ዛሬ ማክሰኞ ነው?"

"አዎ፣ እትዬ።"

የሽንኩርቱን ልጣጭ ከቀሚሳቸው ላይ አራገፉ። በሴቶቹ ትከሻ ተደግፈው ተነሡና ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

"እንግዲያ ሳትቀበር ደረስን" አሉ።